የሣጥን እንጨት የተባለው ዝግባ

ፍኖተ ሰላም፣ የካቲት 18 ቀን 1995 ዓ.ም.

«ጋሼ፣ የላኩልኝ ጊታር ክዳኑ ከመሐሉ ተሰነጠቀ። እዚህ ላለ አንድ ጊታር ጠጋኝ ሽማግሌ ባሳየው ገና ሳይነካው ‹ይህ የሣጥን እንጨት ነው፤ ለጊታር አይሆንም፤ ግድግዳ ላይ ስቀዪው› አለኝ።»

ይህ ያንቺ ቃል ነው። ጥር 20 ቀን ከጻፍሽው ደብዳቤ ሁለተኛ ገጽ ላይ አንድ ፊደል ሳልጨምር፣ አንድ ፊደል ሳልቀንስ ገልብጬዋለሁ።

ለተወደድሽ ለውዳሴ፤ ሰላምታን ከክስ በኋላ ማድረግ ያሳደጉን ሰዎች ደንብ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ነገር ግን ከላይ ያለውን ሳላወጣ እንደምን አለሽ ብልሽ ውሸት ይሆንብኝ ነበር። አሁን ወጥቷል። እንደምን አለሽ? የስዊድን ብርድ እንዴት ይዞሻል? የሆስፒታሉ ሥራሽስ? እኔ ከጉልበቴ ቁርጥማት በቀር ደኅና ነኝ። እናትሽ ባንቺአየሁ ባለፈው ቅዳሜ ከቡሬ መጥታ ጠይቃኝ ተመልሳለች፤ ጤነኛ ናት። የጊታሩን ነገር ግን አልነገርኋትም። ከእሷ ጋር በአያት ብንገናኝም እንደ እህቴ ነው የማያት፤ በልጇ ምክንያት ፊቷ እንዲጠቁር አልፈልግም።

ወደ ነገሩ ልመለስ። ሰውየው ሳይነካው ፈረደ አልሽኝ። ሃያ ስድስት ዓመት ፊዚክስ ሳስተምር፣ ሚዛን ላይ ሳያስቀምጥ ክብደት የሚነግረኝን ተማሪ ዜሮ ሰጥቼ ነው የማስቀምጠው። ያንቺን ሽማግሌ ግን ዜሮ የምሰጥበት መዝገብ የለኝም፤ ስለዚህ ለአንቺ እጽፋለሁ።

ያን እንጨት አንቺ ታውቂዋለሽ። ፍኖተ ሰላም ለመማር እኔ ዘንድ በተቀመጥሽባቸው ሦስት ዓመታት ማድ ቤት በገባሽ ቁጥር «ጥላሸት ወረደብኝ» እያልሽ ታማርሪው የነበረው ሳንቃ ነው። ከየት እንደ መጣ ግን አልነገርሁሽም ይሆናል። በ1985 ዓ.ም. ከገበዝ ማርያም ወዲያ ባለች አንዲት የገጠር ደብር ቅጥር ውስጥ አንድ ትልቅ ዝግባ በነፋስ ወደቀ። የደብር ዛፍ አይቆረጥም፤ የወደቀውም ቢሆን ለቤተ ክርስቲያኑ ሥራ እንጂ ለማንም ቤት አይውልም። ለበርና ለመስኮት ሲያስቀዱት ለሌላ ጉዳይ ሄጄ ደረስሁ። መጋዝ ሳቢዎቹ ግንዱን እንደ ልማዳቸው ከዳር እስከ ዳር በንጣፍ ሊቀዱት ሲሉ ከለከልኋቸው። ድፎ ዳቦ እንደሚቆረስ ከልቡ ወደ ቅርፊቱ ቁረጡት አልሁ። እንዲያ የተቀደደ ሳንቃ መስመሮቹ ቀጥ ብለው ይቆማሉ፤ ፀሐይና ዝናብ ቢፈራረቅበት አይቆለመምም። ሳቢዎቹ አጉረመረሙ፤ የደብሩ አለቃ ግን ሰምተው እንዳልሁት አሠሩ። በሮቹ ዛሬም ስንጥር አያስገቡም። አለቃው ስለ ምክሬ ከትርፉ ሁለት ሳንቃ መርቀው ሰጡኝ፤ «ድምፅ የሚያወጣ ነገር ሥራበት፤ ለምስጋና ይሁን» አሉኝ።

ሁለቱን ሳንቃ ዘጠኝ ዓመት ማድ ቤቱ ጣራ ሥር፣ ከጭሱ በላይ አኖርኋቸው። የጊታሩ ጀርባና ጎን የሆነው ዋንዛ ደግሞ ቡሬ ዳር ከአባቴ ማሳ ድንበር ላይ የወደቀው ነው። ዋንዛ ለከበሮ የሚመረጠው በከንቱ አይደለም፤ የተሰጠውን ድምፅ አይውጥም፣ መልሶ ይሰጣል። የጣት መርገጫው ወይራ ነው፤ ብረት ክር አያበላሸውም። ዝግባውን አሥር ጊዜ ፈትኜዋለሁ። ዳሩን በሁለት ጣት አንጠልጥዬ በጣቴ አንጓ ሳንኳኳው፣ ባሕር ዛፍ ቢሆን ዱም ብሎ በሚሞትበት ጊዜ ዝግባዬ እስከ ሦስት ስቆጥር ድምፁን ይዞ ይቆያል። የሣጥን እንጨት እንዲህ አያደርግም። በሥራዬም አንድ ቀን አልቸኮልሁም።

ከሁለቱ ሳንቃ አንዱ የጊታርሽ ፊት፣ ክዳኑ፣ ሆነ። መንትያው አሁንም ማድ ቤቱ ጣራ ሥር ነው። ሰውየው እውነት ተናግሮ ከሆነ እሱም ማገዶ ነው፤ እኔም አሥር ዓመት ሙሉ ማገዶ ስጠብቅ ኖርሁ ማለት ነው። ስለዚህ መልስ እፈልጋለሁ። ስንጥቁ የእንጨቱን መስመር ተከትሎ ነው የሄደው ወይስ መስመር እያቋረጠ? በስንጥቁ ውስጥ የደብዳቤ ወረቀት ደራርበሽ ብታስገቢ ስንት ይገባል? ጊታሩ ከደረሰሽ ቀን ጀምሮ የት ቆሞ ነበር? ሰውየው ውስጡን አይቶታል? በስልክ አትመልሺልኝ። በስልክ የተባለ ነገር ፋይል ውስጥ አይገባም።

እግዚአብሔር ከክፉ ይጠብቅሽ።

አዛናው



ጎተንበርግ፣ መጋቢት 25 ቀን 1995 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ አዛናው፤

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? ጾሙ እንዴት ይዞዎታል? ጉልበትዎ ሲያምዎ መስማቴ አሳዘነኝ፤ በዚህ ጾም ስግደቱን ትንሽ ቀነስ ቢያደርጉት አምላክ የሚቀየም አይመስለኝም። እኔ መድኃኔ ዓለም ይመስገን ደኅና ነኝ። ብርዱ እየለቀቀ ነው፤ ሥራውም እንደ ልማዱ ነው። እናቴን ስላልነገሯት እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ደብዳቤዎን ሦስት ጊዜ አነበብሁት። በአንደኛው ፈራሁ፤ በሁለተኛው ድፎ ዳቦው ጋ ስደርስ ሳቅሁ፤ በሦስተኛው እንደገና ፈራሁ።

ስንጥቁ መስመሩን ተከትሎ ነው፤ ቀጥ ያለ ነው፣ ከቀዳዳው እስከ ታች ወርዷል። ሰባት ወረቀት ገባበት፤ ስምንተኛው እምቢ አለ። ሽማግሌው ውስጡን አላየውም። ሥራ በዝቶበታል፤ ከግንቦት በፊት ተራ አይሰጠኝም። የቆመበትን ቦታ ለጠየቁኝ፣ ክፍሌ ጠባብ ስለሆነች አንድ ጥግ ላይ ነው የማኖረው።

ጋሼ፣ በእኔ ምክንያት እንዲህ መናደድዎ እንቅልፍ ነሣኝ። ለድካምዎ የምትሆን ትንሽ ነገር በእናቴ በኩል ብልክ ይቀየሙኛል?

እግዚአብሔር ረጅም ዕድሜ ይስጥልኝ።

ልጅዎ ውዳሴ



ፍኖተ ሰላም፣ ሚያዝያ 21 ቀን 1995 ዓ.ም.

ለውዳሴ፤

እንኳን ለትንሣኤው በሰላም አደረሰሽ። በዓሉን በደኅና ዋልን፤ ባንቺአየሁም ከቡሬ በግ ይዛ መጥታ አብረን ፈሰክን። «ልጄ ምን ጻፈችልህ?» ብትለኝ «ስለ ብርድ» አልኋት።

አዎ፣ እቀየማለሁ። ትንሽ ነገር የሚላከው ለታመመ ነው። እኔ የጠየቅሁሽ አራት ጥያቄ ነው፤ ሁለቱን መለስሽ፣ ለአንዱ ቀጠሮ ሰጠሽኝ። አራተኛው ጥግ ላይ ቆሟል። የምን ጥግ? መስኮት ያለበት? በር ያለበት? ተማሪ ሳለሽም የማታውቂው ጥያቄ ሲመጣ ጥግ ጥጉን ነበር የምትሄጂው።

ሰባት ወረቀት ብዙ ነው። ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ጀምሮ በሄድሁበት ሰባት ወረቀት ይታየኛል።

ጎረቤቴ እጅጉ፣ አልጋና ቡፌ የሚሠራው፣ መላጊያ ሊዋስ መጥቶ «የስዊድኑ ጊታር እንዴት ሆነ?» አለኝ። ውሸት አልችልም፤ ተሰንጥቋል አልሁት። ተቀመጠ። ለመሳቅ ተቀመጠ። «አልነገርሁዎትም የኔታ? ዝግባ ለተማሪ ወንበር ነው። ክራር ቢሠሩ ኖሮ ቆዳው ይለጠጥ ነበር እንጂ አይሰነጠቅም ነበር።» ቀጥሎ ቀና ብሎ ማድ ቤቱን እያየ ያን የቀረውን ሳንቃ ለአንድ ሙሽራ ቡፌ እንድሰጠው ጠየቀኝ። ብዙ ዓመት ሲጠይቀኝ «ከአንተ መጋዝ በፊት አንገቴን» እለው ነበር። አሁን ግን እስከ ሰኔ 30 ቀን አስብበታለሁ አልሁት።

እንግዲህ ሰዓቱን አወቅሽ። ዝግባው መጥፎ ከሆነ ንገሪኝና ቡፌ ይሁን፤ ቢያንስ ሳህን ይሸከማል። ጥሩ ከሆነም ንገሪኝ። ዝም ማለት ግን መልስ አይደለም።

አዛናው



ፍኖተ ሰላም፣ ሰኔ 5 ቀን 1995 ዓ.ም.

ለተወደድሽ ለውዳሴ፤

እንደምን ከረምሽ? ክረምቱ ገብቷል፤ ትላንት የመጀመሪያው ትልቅ ዝናብ ጣለ። ከአንቺ ደብዳቤ የለም። ሳልጠብቅ የምጽፈው ይህን ቀድሜ መጻፍ ስላለብኝ ነው።

ባለፈው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ የሥራ ደብተሬን አወጣሁ። ያወጣሁት በአንቺና በዚያ ሽማግሌ ላይ ማስረጃ ልሰበስብ ነበር። ሳንቃው መቼ እንደ ተላገ፣ ውፍረቱ ስንት እንደ ነበር፣ ሁሉ ተጽፏል። ገጹን ስገልጥ አንድ መስመር አገኘሁ፤ የገዛ እጄ ጽሑፍ ነው። «ሐምሌ 19፤ ክዳኑ ተጣበቀ፤ ዝናቡ ሦስተኛ ቀኑን አላባራም።»

ደብተሩን ዘጋሁት። ከዚያ እንደገና ከፈትሁት፤ መስመሩ እዚያው ነበር።

ጊታሩን ያመጣልሽ ባንተአምላክ ለትምህርት ወደ እናንተ ከተማ የሚበረው ነሐሴ 3 ቀን ነበር። ከእሱ ሌላ ጊታር በእጁ ይዞ የሚሄድልኝ ሰው አላገኝም ብዬ ፈራሁ። ክዳን የሚጣበቀው በበጋ፣ ከጥር እስከ መጋቢት፣ እንጨቱ ጥማቱን ሳይቆርጥ ነው። ይህን ለማንም ሰው ሳስተምር ኖሬአለሁ። እንጨት ሞቶም ውሃ ይጠጣል፤ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰበሰባል። ትናንት ደብተሩ ላይ የመዘገብኋቸውን የመንትያውን ሳንቃ ልኬቶች አስተያየሁ፤ አምና ሐምሌ ወርዱ 401 ሚሊሜትር ነበር፤ በዚህ መጋቢት 398። እኔ ያበጠውን ክዳን በሙጫ አስሬ፣ መሰብሰቢያ ቦታ ነፍጌ ላክሁልሽ። የናንተ አገር ቤት ደግሞ ክረምት ከበጋ እሳት እንደሚነድበት ሰምቻለሁ። ሲደርቅ ምን ያድርግ? ተሰነጠቀ።

የካቲት 18 ቀን «አንድ ቀን አልቸኮልሁም» ብዬ ጽፌልሻለሁ። ያ ዐረፍተ ነገር ትክክል አይደለም። ሠርዢው።

ስለዚህ ጥፋቱ የዝግባው አይደለም፣ የአንቺም አይደለም፣ የኔ ነው። ይህን ስጽፍ እንደምናደድ ጠብቄ ነበር፤ እግሬ ከጠበበው ጫማ የወጣ ያህል ቀለለኝ። ከእሑድ ጀምሮ እንቅልፍ አጥቼ ነበር፤ ዛሬ እተኛለሁ። ምክንያቱ ይገባሻል፤ እንጨቱ መጥፎ ቢሆን አሥር ዓመቱ ይጠፋ ነበር፤ እኔ ካጠፋሁ ግን የጠፋው አንድ ሐምሌ ብቻ ነው።

በፖስታው ውስጥ በፕላስቲክ ተጠቅልሎ በሁለት ካርቶን መሐል ያለውን ቀጭን ስንጥር አትጣዪው። ከመንትያው ሳንቃ የሰነጠቅሁት ነው፤ ከምድጃው በላይ አድርቄዋለሁ። ያ ሽማግሌ ሥራውን የሚያውቅ ከሆነ ስንጥቁ ውስጥ ያስገባዋል፤ ከአንድ ግንድ ስለሆኑ መስመሩ ይገጥማል። ሙጫዬ ከበሬ ቆዳ ቀቅዬ ያወጣሁት ነው፤ መክፈት ካስፈለገው በሞቀ ቢላ ይለቅለታል፣ አይታገለው። እጅጉን «ሳንቃው ቡፌ አይሆንም» ብዬዋለሁ። ምክንያቱን አልነገርሁትም፤ ይህን ያህል አልተሻሻልሁም።

ማርያም ትጠብቅሽ።

አዛናው



ጎተንበርግ፣ ሰኔ 7 ቀን 1995 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ አዛናው፤

እንደምን ከረሙ? በቸር ያግኝዎት። መልሴ የዘገየው ረስቼዎት አይደለም፤ አራት ደብዳቤ ጽፌ ቀድጃለሁ። ይህን ሳልቀድ ልላክ ብዬ ከፖስታ ቤቱ ደጃፍ ቆሜ እጽፋለሁ።

መጀመሪያ ስለ ጥጉ። ጋሼ፣ ጥጉ የቤት ማሞቂያው ብረት ያለበት ነው። ያን ብርድ ሳይ ጊታሩ ይጎዳብኛል ብዬ ሰጋሁ። እርስዎ ሳንቃውን ሁልጊዜ ከእሳት በላይ ያኖሩት እንደ ነበር ትዝ አለኝ፤ «ሙቀት ይወዳል» ብዬ ታኅሣሥን ሙሉ ከብረቱ አጠገብ አቆምሁት። ብርዱ ሲብስ ጭራሽ አስጠጋሁት። ሽማግሌው ይህን ሲሰማ ራሱን ያዘ። በመጋቢት ያልነገርሁዎት አፍሬ ነው።

ሁለተኛው ነገር ይከብደኛል። ግንቦት 20 ቀን ተራዬ ደርሶ ወሰድሁለት። ትንሽ መስታወትና መብራት ወደ ውስጥ አስገብቶ አየ። ውስጡ የለጠፉትን ጽሑፍ አገኘና «ምን ይላል?» አለኝ። «ፍኖተ ሰላም፣ ሐምሌ 19 ቀን 1994፣ አዛናው ሠራው» ብዬ ተረጎምሁለት። «ሐምሌ ምን ዓይነት ወር ነው?» አለኝ። «ደኅና ወር ነው» አልሁት። ሌላ ምን ልበል? ተራዬን ሌላ ቀን እንዲያደርገው ለምኜ ይዤው ወጣሁ።

ጋሼ፣ ሐምሌ እኛ አገር ምን እንደሚመስል ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቃሉ። ከዚህ በላይ እንድጽፍ አያስገድዱኝ። ሳንቃውን ግን እባክዎ ለቡፌ አይስጡብኝ።

እግርዎን ስሜ፣

ውዳሴ



ጎተንበርግ፣ ሐምሌ 22 ቀን 1995 ዓ.ም.

ለተከበሩና ለምወድዎ ጋሼ አዛናው፤

እንዴት ባጁ? የኔ ደብዳቤ ወደ እርስዎ ሲበር የእርስዎ ወደኔ ሲበር በሰማይ ተላልፈዋል። የሰኔ 5ቱን ትራም ውስጥ ከፈትሁት። «ሠርዢው» የሚለው ጋ ስደርስ ከት ብዬ ሳቅሁ፤ ከዚያ እንባዬ መጣ፤ አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ መሐረብ ሰጡኝ። መርዶ መስሏቸው ነው።

የካቲት ላይ የጻፉትን አልሠረዝሁም። ሁለቱንም አንድ ላይ ነው የማኖራቸው።

አሁን የሆነውን ልንገርዎ። በማግስቱ ስንጥሩን ይዤ ለሽማግሌው ሁሉን ነገርሁት፤ የደበቅሁትን የዝናቡን ነገርም ጭምር። ጊታሩን ተቀብሎ ከእርጥብ ስፖንጅ ጋር በሣጥን ዘግቶ ሁለት ሳምንት አኖረው። ስንጥቁ በራሱ ተሰበሰበ፤ ሁለት ወረቀት ብቻ ቀረ። የእርስዎን ስንጥር ልጎ አስገባው። መስመሩ እንዳሉት ገጠመ፤ የት እንደ ገባ ለማየት ወደ መስኮት መሄድ ነበረብኝ። በቆዳ ሙጫ መሠራቱን ሲያይ «ይህ ሰው ከእሱ በኋላ የሚመጣውን ጠጋኝ አስቦ ነው የሠራው» አለ።

ከዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ አንኳኳው። ጆሮውን አስጠግቶ በጣቱ አንጓ፣ ልክ እንደ እርስዎ። እንደገና አንኳኳ። እንዲህም አለኝ፦

«አፌን ዘግቼ እጄን ማስቀደም ነበረብኝ። ይህ የሣጥን እንጨት አይደለም።»

ክር አስገብቶ ሰጠኝ። ያስተማሩኝን የመጀመሪያውን የባቲ ቅኝት ተጫወትሁለት። ጣቴ ደንዝዞ ነበር፤ ጊታሩ ግን አልደነዘዘም። ከድሮው ይልቅ ድምፁ ተከፍቷል ብልዎ ማጋነን አይሁንብኝ። አሁን የሚኖረው ከበሩ አጠገብ፣ ከብረቱ ርቆ፣ በቦርሳው ውስጥ ነው።

አንድ መልእክት አለ። ሽማግሌው ያን መንትያ ሳንቃ እንዲሸጡለት «ለምኚልኝ» አለኝ። ምን ልበለው?

እግዚአብሔር ዕድሜዎን ያርዝምልኝ፤ ጉልበትዎንም ያሽርልኝ።

ልጅዎ ውዳሴ



ፍኖተ ሰላም፣ ነሐሴ 19 ቀን 1995 ዓ.ም.

ለተወደድሽ ለውዳሴ፤

እንኳን ከፍልሰታ ጾም በሰላም አወጣሽ። እኔ በጣም ደኅና ነኝ፤ ጉልበቴም ቀለል ብሎኛል። ባንቺአየሁ ለፍልሰታ ስትመጣ ነገሩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገርኋት። «ለዚህ ነው ያን ሰሞን እንደ ኰሶ የመረርኸው?» አለችኝ። አዎ አልኋት።

ስለ ብረቱ ጥፋተኛ ነሽ። ግን ከየት እንደ ተማርሽው ሳስብ ከማድ ቤቴ ነው። ሳንቃ ሲደርቅ እሳት ይወዳል፤ ጊታር ከሆነ በኋላ አይወድም። ይህን ሳልነግርሽ መላኬ ሁለተኛው ጥፋቴ ነው፤ ደብተሩ ላይ አስገብቼዋለሁ። ለሽማግሌው «ሐምሌ ደኅና ወር ነው» ማለትሽንም ሰምቻለሁ። ውሸት ነው። አልቆጣሁም።

ደብዳቤሽን ለእጅጉ አነበብሁለት። አገጩን እያከከ ሰማኝ፤ ሲያበቃ «እና ሰውየው ይህን በቃሉ ነው ያለው?» አለኝ። አዎ ስለው «የኔታ፣ እርስዎ ራስዎ በቃል የተባለ ነገር ፋይል አይገባም ይሉ የለም?» ብሎኝ ሄደ። በገዛ መላጊያዬ ላገኝ። ሆኖም እውነቱን ነው። ለሙሽራይቱ ቡፌ ዋንዛ እንዲፈልግ ነግሬዋለሁ፤ ሳንቃውንም ሁለተኛ ቀና ብሎ አላየውም።

መንትያው ለጊታር ይሆናል። ክረምቱ እስኪወጣ አልነካውም። መስከረም ከጠባ በኋላ አወርደዋለሁ፣ ኅዳር ላይ እልገዋለሁ፤ ክዳኑን የማጣብቀው ከጥር 12 ቀን በፊት አይሆንም። የሚሄድ ሰው ቢገኝም ባይገኝም፣ አውሮፕላን ቢቆምልኝም።

ለሽማግሌው እንዲህ በዪልኝ፤ ሳንቃው የተሰጠኝ ድምፅ እንዳወጣበት ነው፤ እንጨት አልሸጥም። ጊታር ከፈለገ ግን እሠራለታለሁ። በመጀመሪያ ግን ጥር ላይ «የሣጥን እንጨት ነው» ያለውን መሻሩን በገዛ እጁ፣ በገዛ ቋንቋው ጽፎ ይፈርምበት፤ አንቺ ከሥር ተርጉመሽ ፈርሚበት። በዚያው ወረቀት የእጁን መዳፍ ወርድ በሚሊሜትር ያስፍር፤ የጊታሩን አንገት ውፍረት የምወስነው በዚያ ነው። ወረቀቱ በፍኖተ ሰላም ፖስታ ቤት በኩል እስከ ጥቅምት 30 ቀን 1996 ዓ.ም. ድረስ በእጄ ይግባ። በስልክ አይሆንም።

አዛናው